ስድስተኛው ጠርሙስ

ጥቅምት 3፣ ማክሰኞ

ምሕሬ፣ ጠርሙሶችሽን አልነካንም። ስምንቱም መስኮቱ ሥር ናቸው። ለለቅሶ ከቱላ የመጣችው አክስታችን አልጋሽ ላይ ትተኛለች። ጠዋት ስትነሳ አልጋው አንቺ ስትነሺ እንደነበረው ሲጢጥ ይላል። ልጠራሽ አፌን እከፍታለሁ።

የዩኒቨርሲቲው አማካሪሽ ደወሉ። ቅዳሜ ጠርሙሶቹንና ደብተርሽን ይወስዳሉ። ሥራሽ በስምሽ እንዲያልቅ ይፈልጋሉ። እማ በስልኩ «እርስዎ ባይኖሩ!» ብላቸው አለቀሰች።

ደብተርሽን ከፈትኩ። የውሃውን ቀለም በየጠዋቱ ትጽፊ ነበር። ወባው ከወሰደሽ ወዲህ ያሉት መስመሮች ባዶ። ቤት ሥራዬን ስትሠሪልኝ ጽሕፈቴን ታስመስዪ አልነበር? እኔም ያንቺን እችላለሁ።

ጥቅምት 5፣ ሐሙስ፣ ከትምህርት ቤት መልስ

ስድስተኛው ጠርሙስ ሰማያዊ ሆኗል!

መዳብ የሟሟበትን ውሃ በየጠርሙሱ ስትጨምሪ ሰማያዊ ነበር። ከረግረጉ ያመጣሽው ጥቁር አፈር በሦስት ቀን ዋጠው። የት ሄደ ስልሽ፣ የትም አልሄደም፤ ውሃ ውስጥ የጠቆረው የሣርና የሥር ብስባሽ ይዞታል አልሽ። ከከተማ የሚወርደውን መዳብና እርሳስም ሐይቁ ሳይደርስ የሚይዘው እሱ ነው አልሽ።

ታዲያ ማን አስለቀቀው? ስምሽን ጮክ ብዬ ጠራሁ።

አክስቴ ከጓዳ ሮጣ መጣች።

«ምን ሆንክ አንተ ልጅ? ሎሚ እኮ ነው የጨመቅኩበት! ጭቃው ሸተተኝ። የእናትህን ዓሣ ሽታ በምን እናጠፋዋለን? ሎሚው አለቀብኝ እንጂ ሁሉም ላይ ነበር የምጨምቀው።»

አሲድ ያስለቅቀዋል ብለሽኝ ነበር። አንቺ መጥተሽ አልነበረም። ሎሚ ነው።

ጥቅምት 6፣ ዓርብ

አክስቴ ሄደች። ስድስተኛውን ልድፋው? ከአምስተኛው ቀንሼ ብሞላው ማን ያውቃል? ባዶ መስመሮች ላይ በእርሳስ፣ በጽሕፈትሽ፣ «ጥርት ያለ» ብዬ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። መልሼ ሳነበው በተቀበርሽ ማግስት ቁጭ ብለሽ የጻፍሽ መሰለኝ። ደብተሩን ወረወርኩት።

ጥቅምት 7፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 12፡40

እማ ዓሣ ልትሸጥ ሐይቁ ዳር ወዳለው ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረደች። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቤት ውስጥ እኔ ብቻ። አልጋሽ ዝም ብሏል።

ሁለቱን መስመሮች በላጲስ አጠፋሁ። ባዶዎቹን ቀናት ባዶ ተውኳቸው። እንደ አንቺ ተንበረከክኩ፤ ጠርሙሶቹን ሳላነቃንቅ አንድ በአንድ አየሁ። በራሴ መጥፎ ጽሕፈት ጻፍኩ፦

ስድስት፦ ሰማያዊ። ሐሙስ ሎሚ ገብቶበታል። ያየው ወንድሟ።

ሌሎቹ ሰባቱ፦ ጥርት ያሉ። መዳቡን እንደያዙ ናቸው።