እረኛ የሌላቸው በጎች

ውድ ሃሚሽዬ፦

ዓመት ሞላህ። እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ በሕይወት እያለህም ጥያቄ ሲመጣ መስኮት መስኮቱን ነበር የምታየው። ይልቅ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ነገ ልቀብርህ ነው። የት እንደምቀብርህና ለምን እዚያ እንዳደረግኩት ከእኔው ከሚስትህ ስማው ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

እስከ ዛሬ የት እንዳለህ ታውቀዋለህ። «አቃጥሉኝና አመዴን ኬንያ ወስዳችሁ ከኮረብታዬ ላይ በትኑልኝ» ብለህ እኔንም ማርታንም አስምለኸናል። ልጃችን እንደ አንተ ናት፣ ያለችውን ሳታደርግ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ግማሹን መሐላ ወዲያው ፈጸመችው፤ አስቃጥላ በባለ ክዳን ዕቃ አመጣችህ። እኔ ደግሞ በእኛ ወግ ሰው አፈር ይለብሳል እንጂ ቡፌ ላይ አይቀመጥም። ግራ ቢገባኝ ከሠርጋችን ሳህኖች ኋላ አስቀመጥኩህ። የማኅበር ሴቶች ሊያጽናኑኝ ሲመጡ «የት አረፉ?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ «አገራቸው ተወሰዱ» እላለሁ፤ አንተ እዚያው አጠገባችን ሆነህ ትሰማለህ። አንዷማ ወደ አንተ እያመለከተች «ይቺን የመሰለች የስኳር ዕቃ ከየት አገኘሽ?» አለችኝ። ሳቄን ለመዋጥ ወጥ ቤት ገባሁና እዚያው አለቀስኩ።

ቤቱ ደህና ነው። ሊፍቱ ተሠራ። አንተ ደረጃውን እየወጣህ ኮንዶሚኒዮውን ስትራገም ኖርክ፣ ከሞትክ በኋላ ሠሩት። ካፖርትህን እዚሁ ሮም፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር ለሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ሰጠሁት፤ ባርኔጣህን መስጠት ግን አልቻልኩም። እትዬ ሙሉ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ያለውን ሱቋን አስፍታዋለች፤ እኔም ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አግዛታለሁ፤ ጉልበቴ ቢያመኝም ብቻዬን ቤት ከመቀመጥ ይሻለኛል። ማርታ ያው ማርታ ናት። በየሳምንቱ «አሎራ ማማ፣ መቼ ነው የምንወስደው? ፓፓ እኮ እየጠበቀ ነው» ትለኛለች። እኔም አንዴ ጉልበቴን፣ አንዴ ፓስፖርቴን ምክንያት እያደረግኩ ቆየሁ። እውነቱ ሌላ ነበር። ጠርጥሬህ ነበር።

እንደምታውቀኝ ተጠራጣሪ ነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለች ያሳደገችኝ እናቴ ናት። እኔን ለአንተ ስትድር እንኳ «ነጭ ሆኖ፣ በዚህ ዕድሜው፣ ሚስት የለኝም ይላል?» ብላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስትከራከር ዋለች። አንተ ያን ጊዜ እዚያ ብርዳም ሰሜን ሸዋ ውስጥ መንግሥት ባቋቋመው የበግ እርባታ ጣቢያ አማካሪ ነበርክ፤ እኔ ደግሞ ደብዳቤህን የምመታ ታይፒስት። ከበግ ሌላ የምታወራው ነገር አልነበረህም። እንዲህ ያለ ሰው ሴት አይደብቅም ብዬ አገባሁህ።

ታሪክህን ደጋግመህ ከመንገርህ የተነሳ እኔ ራሴ የኖርኩት ይመስለኛል። ዝናብ ካልዘነበ የሚታመም አገር ስኮትላንድ ውስጥ ተወለድክ። አባትህ ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው በግ ጠበቀ። አንተ የመጨረሻው ልጅ ነህ፤ የሚደርስህ መሬትም ጎጆም አልነበረም። እንግሊዞች ኬንያን በሚገዙበት ጊዜ ለነጭ ገበሬ በደጋው መሬት ይሰጣል ሲባል ሰማህና መርከብ ተሳፈርክ። በአገርህ እረኛ የነበርከው ሰውዬ ሞምባሳ ስትወርድ ጌታ ሆንክ። ኮረብታ ሰጡህ፣ ቆርቆሮ ቤት ሠራህ።

ኮረብታው ላይ በደረስክ ቀን ሣሩ ጉልበትህ ድረስ ነበር። በሣሩ መሃል ላታቸው የሚወዛወዝ በጎች ይግጣሉ፤ እረኛ የላቸውም፤ ዙሪያውን ብታይ ሰው የለም። እዚህ ቦታ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ዓይንህ ይበራል። በእናንተ አገር በግ የሰው ሳይሆን የኮረብታ ነው ትለን ነበር። እናቲቱ የግጦሹን ወሰን ለግልገሏ ታሳያታለች፣ አጥር የለም፤ ገበሬው መሬቱን ሲለቅ መንጋው እዚያው ይቀራል፤ ኮረብታውን የተረከበ መንጋውንም ይረከባል። ስለዚህ አንተም «ኮረብታው ከነበጎቹ ተሰጠኝ» አልክ። ጆሯቸው አስቀድሞ የተተለተለ ስለነበር ያንተ ምልክት እንዲታይ ጠለቅ አድርገህ ተለተልከው። ከዚያ ከባሕር ማዶ አውራ በግ አስመጥተህ አዳቀልካቸው፣ ሱፋቸው የተመሰገነ ሆነ። ኬንያ ነጻ ስትወጣ መሬቱን ለመንግሥት አስረክበህ ወደ እኛ አገር መጣህ። ታሪኩ በቃ ይኸው ነበር፤ የሰማህን ሰው ሁሉ በመሬት ዕድልህ ታስቀናው ነበር።

እኔ የገበሬ ልጅ አይደለሁም፤ ቢሆንም ጆሮው የተተለተለ በግ ባለቤት እንዳለው አላጣውም። አንድ ቀን ጠየቅኩህ። መስኮቱን አየህ። እኔም የነጭ ሕግ ሌላ ይሆናል ብዬ አለፍኩት፤ ምክንያቱም የእኔ ጥርጣሬ በበግ ላይ አልነበረም፤ በሴት ላይ ነበር።

ደርግ በወደቀ ማግስት እትዬ ሙሉ ጠርታን ሮም ስንገባ ነገርህ ሁሉ ተለወጠብኝ። ካፌ ስንገባ ጀርባህን ለበር አትሰጥም። የበር ደወል ሲጮኽ ከእኔ ቀድመህ ሄደህ በቀዳዳው ታያለህ፤ ሳትከፍት ትንሽ ትቆማለህ። እትዬ ሙሉ ሱቅ ውስጥ አንድ ቀን ኬንያውያን ገብተው ስዋሂሊ ሲያወሩ ባርኔጣህን አንስተህ ወጣህ፤ የገዛኸውን ሽንኩርት እንኳ ባንኮኑ ላይ ረሳኸው። ሌላ ሰው ቢሆን የሚያውቀውን ቋንቋ ሲሰማ ሮጦ ሰላም ይላል። እዚያ ሴት አለችው፣ ልጅም ወልዳለታለች፣ አንድ ቀን በሬን ያንኳኳሉ ብዬ ደመደምኩ። ኪስህን ፈተሽኩ። ሸሚዝህን አሸተትኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማህ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ስትመለስ «በእግሬ ስዞር ነው» ትለኛለህ፤ ሮም ውስጥ ጭቃ የት አለ?

አንድ ቅዳሜ ተከተልኩህ። ነጠላዬን ለውጬ፣ የእትዬ ሙሉን ጥቁር መነጽር አድርጌ፣ ሜትሮ ላይ ከሌላው ፉርጎ ተሳፈርኩ። ካፋሬላ ሜዳ ገባህ። ከዛፍ ኋላ ቆሜ ጠበቅኩ። ሴት የለችም። በግ ነው! በከተማው መሃል መንጋ ይግጣል፣ ጣሊያናዊው እረኛ ተቀምጦ ሲጋራውን ያጨሳል፣ አንተ ጎንበስ ብለህ የበጎቹን ጆሮ በጣትህ እየገለጥክ ታያለህ። አንዱን ትለቃለህ፣ ሌላውን ትይዛለህ። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ያን ቀን ዶሮ ሠራሁልህ፣ ምክንያቱን አልነገርኩህም። ጆሯቸው ላይ ምን ትፈልግ እንደነበር ግን አልጠየቅኩህም።

ከዚያ ታመምክ። በመጨረሻው ሰሞን ኦስፔዳሌ ተኝተህ እንግሊዝኛውም አማርኛውም ጠፋህ። የቀረህ እኔ የማላውቀው ቋንቋ ነበር፤ በዚያ ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ትደጋግማለህ፣ ድምፅህ እንደ ጥያቄ ከፍ ይላል፣ ዓይንህ በሩ ላይ ነው። እኔም ለሕመምተኛ እንደሚደረገው እጅህን እየዳበስኩ «አዎ የኔ ጌታ፣ አዎ» እልሃለሁ። አዎ ባልኩህ ቁጥር አንሶላውን ፊትህ ላይ ትስባለህ። ትኩሳት መስሎኝ ነበር።

በክፍሉ የምታስታምም አንዲት ኬንያዊት መነኩሲት ነበረች፤ ሱዎር ሉቺያ ይሏታል፣ ታስታውሳት ይሆናል። መጀመሪያ የሰማችህ ጊዜ የያዘችውን ትሪ አስቀምጣ ዞር ብላ አየችህ። ምን እያለ ነው ብላት «ስለ ድሮ ነው ሲኞራ» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ማየት ተወች። እኔ ምን ላስብ? ይኸው የሴቲቱን ስም ጠራ አልኩ። አልጋህ አጠገብ ተቀምጬ ቀናሁብህ፤ እየሞትክም ቀናሁብህ።

አርባህን እትዬ ሙሉ ቤት ስዘክር ሱዎር ሉቺያን ጠራኋት። ለጽድቅ ብዬ እንዳይመስልህ። አፏን ላስከፍት ነበር። ሰው ሲበተን ጓዳ አስገባኋትና በሩ ላይ ቆምኩ። «ስሟን ንገሪኝ፣ አልቆጣም» አልኳት። መነኩሲቷ ግራ ገባት። «የማንን ስም? ሲኞራ፣ ሴት አልጠራም። ‹ባለቤቶቹ መጡ?› ነው ያለው። ‹የበጎቹ ባለቤቶች መጡ?›»

ሃሚሽዬ፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፤ ግን በዚያች ሰዓት ሴት በሆነች ብዬ ተመኘሁ።

ሱዎር ሉቺያ የዚያው ደጋ ልጅ ናት። ሽማግሌዎች ሲያወሩ እየሰማች ነው ያደገችው። አንተ ከመድረስህ ከጥቂት ቀናት በፊት የእንግሊዞቹ መንግሥት የኮረብታውን ሰዎች በወታደር አንስቶ ጭኖ ወስዷቸዋል። ሰዎቹን ጫኑ፣ በጎቹን አልጫኑም። እረኛ ያልነበረው ለዚህ ነው። ከሄዱት መካከል ጥቂቶቹ በጎቻቸውን ሊወስዱ ተመልሰው መጥተው ነበር፤ ጆሯቸውን ሲያዩ ምልክታቸው የለም፣ ያንተ ነው ያለው። ውሸታሞች ተብለው ተባረሩ።

እኔም በአንሶላው ስር ፊትህን የደበቅከው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። መጡ ወይ ትለኛለህ፣ አዎ እልሃለሁ።

እስከ ዛሬ የሚከራከረኝ አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው ቀን ስህተት ይሁንልህ። በአባትህ ወግ አየኸው፣ በግ የኮረብታ ነው አልክ፣ እሺ። ምላጩን አንስተህ በሰው ምልክት ላይ ስትቆርጥስ? ሰዎቹ ደጅህ ላይ ሲቆሙስ? ብዙ ጊዜ ልፈርድልህ እሞክራለሁ፤ ደግሞ ታሪኩን ስትነግረን የምትስቀው ሳቅ ትዝ ይለኛል፣ ያንን ሳቅ አላምነውም። ወድጄህ ኖሬያለሁ፣ አሁንም እወድሃለሁ፣ አላምንህም። ሦስቱም አንድ ሆድ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ እኔም እንደዚህ ይሆናል ብዬ አላውቅም ነበር።

ለማርታ ስነግራት ጮኸችብኝ። «ማማ፣ እሱ አያውቅም ነበር! መሐላ መሐላ ነው!» አለችኝ። ትኬት ልትቆርጥ ነበር። እኔ ግን አንዴ ሳይጠየቁ የተገባበት ኮረብታ ላይ ሁለተኛ ሳይጠየቁ አይገባም አልኳት። ተኮራረፍን። በመጨረሻ እሷ ራሷ ሱዎር ሉቺያን «ጠይቂልን» አለቻት፤ ይቅርታ አድርገው እንደሚቀበሉህ እርግጠኛ ነበረች። እኔም፣ አልዋሽህም፣ በልቤ እሺ እንዲሉ ጸልያለሁ። ሰው ባሉን ሁሉ በደለኛ ቢሆን እንኳ የመጨረሻ ልመናው ሲፈጸም ማየት ይፈልጋል።

ኮረብታው ዛሬ ወደ እነሱ ተመልሷል። የበጎቹ ባለቤት ልጅ የሆኑ አንዲት አሮጊት ከግርጌው ይኖራሉ። ሱዎር ሉቺያ በመንደሯ ቄስ በኩል ደውላ አስጠየቀቻቸው፤ በኦስፔዳሌ የምትደጋግመውንም ሁሉ ነገረቻቸው። መልሱን ባለፈው ሳምንት እቤታችን መጥታ ነገረችን፤ ማርታ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። አሮጊቷ ስምህን ሲሰሙ አልተሳደቡም አለች። መጀመሪያ ያሉት ይኼ ነው፦ «እኛ እንዴት እንመጣለን? የት እንደገባ የሚነግረን አልነበረም። መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው።»

ቀጥለውም፦ «ሙት አንጠላም። ግን ኮረብታው ላይ በጎቻችን ይግጣሉ። አመዱ ሣሩ ላይ ከወደቀ በጎቹ ይበሉታል፤ በጎቹን ደግሞ የልጅ ልጆቼ ይበላሉ። እሱን አናበላቸውም። እዚያው ከእናንተው ዘንድ ይደር።»

ማርታ ተነሥታ «ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለች፤ ድምፅዋ ያንተን ይመስል ነበር፤ ወደ ክፍሏ ሄዳ ስታለቅስ ሰማኋት። እኔ አላለቀስኩም። ሲከለክሉህ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደረቴ ቀለለኝ። እነዚያ ሰዎች አንድ ጊዜ በሕይወታቸው ስለ ገዛ ኮረብታቸው ተጠይቀው እምቢ አሉ። እምቢታውም ሳይደፈር ቀረ። ልመናህን አልፈጽምልህም ሃሚሽዬ። መሐላዬን የማፈርሰው ዐውቄ ነው፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።

ነገ ከፕሪማ ፖርታ መቃብር አፈር ውስጥ እናሳርፍሃለን። እትዬ ሙሉ ትመጣለች፤ ሱዎር ሉቺያም እመጣለሁ ብላለች፤ ለምን እንደምትመጣ አልጠየቅኳትም። ማርታ ድንጋዩ ላይ ከስምህ ሥር «የበግ ገበሬ» ተብሎ ይጻፍ ስትል ተስማምቻለሁ፤ ነበርክ እኮ። እሑድ እሑድ እየመጣሁ ሣሩን አጸዳልሃለሁ፣ ስለ ቤቱ አወራልሃለሁ፣ እንደ ድሮው እነተርክሃለሁ፤ እስከማርፍ ድረስ አልረሳህም። የማርታ ልጆች ተወልደው አያታችን ማን ነበር ሲሉኝም ከሥር ከመሠረቱ እነግራቸዋለሁ፤ ዝናቡን፣ መርከቡን፣ የቆርቆሮውን ቤት፣ እኔን እንዴት እንዳገባኸኝ። በጎቹ የማን እንደነበሩም እነግራቸዋለሁ።

ሚስትህ
ፀሐይ