ክትባቱ ወንዝ ይሻገር ነበር

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር መልስ አትሰጠኝም። ከተለየኸን አምስት ክረምት አለፈ። አሁንም ከደብረ ማርቆስ ወደ ቤት ስመጣ በሩ ላይ ቆመህ የምትጠብቀኝ ይመስለኛል።

መሬቱን ለአጎቴ የእኩል ሰጥተነዋል። የእኔን ሥራ ብታይ ግን ትስቅብኝ ነበር፤ ልጅህ የሞተ ውሻ ጭንቅላት ለቃሚ ሆናለች! ከአንጎሉ ናሙና እየወሰድን ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ነው የምናጠናው፤ ከየትኛው መንደር ወደ የትኛው እንደሚዛመት። የሞተ ውሻችሁን ስጡን ስንላቸው ገበሬዎቹ እኛኑ ያበድን ይመስላቸዋል።

ያ ውሻህ መከታ ለሃጩን ሲያዝረበርብ ጊዜ አጥንት ተሰንቅሮበታል ብለህ እጅህን አፉ ውስጥ ከተትክ። ስለምትወደው ነው። በየሄድንበት እንዲህ ያደረገ ሰው አላጣም። ጥርሱ ጣትህን ጫር ነበር ያደረገው። ውሻው ሲሞት ደንግጠህ መድኃኒት አዋቂው ዘንድ ሄድክ፤ ሥሩን በጥብጦ አጠጣህና ቀኑ እስኪሞላ ወንዝ እንዳትሻገር አዘዘህ። ክትባቱ ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ደብረ ማርቆስ ነበር። ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ በስልክ እያለቀስኩ ለመንኩህ። ከተሻገርኩ መድኃኒቱ ይከሽፍብኛል አልክ። አንተ ደግሞ አንዴ እሺ ካልክ አለቀ። በዚያው በሽታው ወሰደህ። እሱ ካልተሻገረ ክትባቱ ይሻገርለት ያለ አንድም ሰው አለመኖሩ፣ እኔም ጭምር፣ እስከ ዛሬ አንጀቴን ያሳርረኛል።

ከጥቂት ወራት በፊት እናቴን የጎረቤት ውሻ ነከሳት። እሷም መጀመሪያ የሄደችው ወደዚያው ሰውዬ ነው፤ እሷም አልሻገርም አለች። አልተከራከርኳትም። ከአንዲት ነርስ ጋር ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዘን እኛ ተሻገርን። ቀጠሮዋ በደረሰ ቁጥር ተመላለስን። አሁን ደህና ናት።

የመጨረሻውን መርፌ የተወጋች ዕለት፣ እጅጌዋን እያወረደች፣ ለአባትሽም እንዲህ ይመጣለት ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መዋሸት አማረኝ፤ አልቻልኩም። ይመጣለት ነበር አልኳት። ተነሥታ ወጣች። ከጓሮ እንደ አዲስ ስታለቅስህ ሰማኋት።

አባዬ፣ በየመንደሩ ያንተን ነገር እናገራለሁ። ከእንግዲህ አንተን ሳላስብ የምሻገረው ወንዝ አይኖርም።

ልጅህ