በስሜ የተቀበረችው

የካቲት 2 ቀን 1977

የስደተኛ ካምፑ የውሃ ወረፋ። ገና በጠዋቱ ፀሐዩ ያቃጥላል። ከፊቴ የቆመች ሴት ታለቅሳለች፤ የራሽን ካርዷን ከራስጌዋ ሰርቀዋታል። ካርድ ራስጌ ይቀመጣል? የእኔ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ዙሪያውን ተሰፍቶ፣ አንገቴ ላይ ታስሯል። ስታጠብም አላወልቀው። ይህንኑ ለሰልፈኛው አስረዳሁ። አንዱ አዛጋ። በሰው ፊት አፍ ከፍቶ ማዛጋት ነውር መሆኑን የነገረው የለም መሰለኝ... ነገርኩት።

አንዲት አዲስ መጤ ልጅ፣ ኮከብ ትባላለች፣ ጀሪካኔን ተሸከመችልኝ።

"የማን ልጅ ነዎት፣ እመይቴ?"

ሲጠየቁ መመለስ ነው። ውባየሁ እንግዳው ጋረደው አስፋው ቱርካ... እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩላት። አገሬን፣ እዚህም በየትኛው የካምፑ ክፍል እንደምኖር ጭምር። ጎረቤቴ ደብሪቱ ከኋላ፣ "ኧረ በቃዎት እትዬ! ይህን እኮ ውሃ የሚጭነው አህያም በቃሉ ይዞታል" አለች። ባለጌ። ኮከብ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለች ልጅ ከየት ትገኛለች?

የካቲት 6

በምሥራቅ በኩል ቀብር ነበር። ጉልበቴ እምቢ አለኝና ቀረሁ። ማን እንደሞተ የሚያውቅ ጠፋ። በየቀኑ ሆነ እኮ... ነፍስ ይማር።

የካቲት 9

ሞቻለሁ።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ዛሬ ራሽን የሚታደልበት ቀን ነበር። ጸሐፊው አዲስ ነው፤ ሙሐመድኑር ይባላል፤ ከገዳሪፍ የተላከ ሱዳናዊ። መተማ ስላደገ አማርኛውን ይችላል። ካርዴን ከአንገቴ ፈትቼ ሰጠሁት። መዝገቡን አየ። እኔን አየ። ደግሞ መዝገቡን።

"ሐቡባ፣ ይህቺ ሴትዮ ሞታለች።" ሐቡባ በእነሱ አያት ማለት ነው።

"የቷ ሴትዮ?"

"ውባየሁ። ረቡዕ ተቀብራለች። የመግነዝ ጨርቁን የሰጠሁት ራሴ ነኝ።"

"ካርዱ ይኸው እኔ ዘንድ!"

"ልጅሽ መጥታ ካርዱ ጠፍቷል አለች። ስም፣ አባት፣ አያት፣ ክፍል... ሁሉንም ሳትሳሳት ተናገረች።"

ልጅ የለኝም። ደግሞ "አንቺ" ይለኛል፤ በልጅ ልጅ ዕድሜ ያለ ሰው! "እንግዲያው የስሙ ባለቤት ራሴ ልንገርህ" ብዬ ጀመርኩ። ውባየሁ እንግዳው... ገና "ጋረደው" ስል ከኋላዬ ያለው ሰልፍ በሙሉ ተቀበለኝ። "አስፋው! ቱርካ!" እያለ እስከ ሰባተኛው ቤት። እንደ ዳዊት በኅብረት ደገሙት። አንድ ስም እንኳ አልሳቱም።

ሙሐመድኑር ወደ ሰልፉ እጁን ዘረጋ። "ወላሂ፣ ታዲያ ከእነዚህ ሁሉ ውባየሁ የቷ ናት?"

ጎረቤቶቼ ሊመሰክሩልኝ ወጡ። አልቀበልም አለ። እዚህ ሁሉም ለጎረቤቱ ይምላል ብሎ። "የቀበረሽን ሰው አምጪ፤ ያኔ እናያለን።"

ሰልፈኞቹ ሳቁ። ማሽላዬን፣ ዱራ የሚሉትን፣ ሳልቀበል ተመለስኩ። ሳቅ አይጋገር፣ አይበላ... እስካልተነሣሁ ድረስ የምበላው የለኝም።

ደብሪቱ መንገድ ላይ፣ "ካርዱን አንገትዎ ላይ አስረው አፍዎን ፈተው ተዉት" አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። እኔ! ማታ ግን አንድ ጣሳ ዱራ ይዛ መጣች። ተቀበልኩ። ሟች አይኮራም።

የካቲት 10

አልቃሾች መጡ። ከማዶ ክፍል ናቸው፤ ወሬው የደረሳቸው ዘግይቶ ነው። ደረታቸውን እየመቱ ከጎጆዬ ደጃፍ ቆሙ። ሙሾ አውራጇ "የጋረደው ልጅ፣ የጋረደው ልጅ" ትላለች። አላስችል አለኝ። ከውስጥ ሆኜ፣ "የእንግዳው! ጋረደው አያቴ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

አንዷ ወደቀች። ውሃ አጠጣኋት። ሙሾ አውራጇ በሕይወት መኖሬን ስታይ ቅር ያላት መሰለኝ። ደህና ሙሾ ነበር፣ ባይሳሳት...

የካቲት 11

ዐቢይ ጾም ዛሬ ገባ። ለዚህ ካምፕ እንኳ ከገባ ቆይቷል። ሟችስ ይጾማል? የሚመልሱልኝ የነፍስ አባቴ ቄስ ደመቀ ናቸው፤ የሚያስነሡኝም እሳቸው ናቸው፤ እዚህ ቀብር ሁሉ የእሳቸው ነውና። ከዛፋቸው ሥር አገኘኋቸው።

"አባ፣ ረቡዕ ቀብረውኛል አሉ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ! አንቺን መች ቀበርኩ?" አሰብ አደረጉ። "የረቡዕዋ ወለተ ሐና ናት። ፍትሐቱን ያደረስኩት በዚህ ስም ነው። ልጅቷ ናት የነገረችኝ።"

ወለተ ሐና የእኔ የክርስትና ስም አይደለም!

እንዴት አላሰብኩትም? ለጸሐፊ ይዋሻል። ለፍትሐት ግን ማን ይደፍራል? በሰው የክርስትና ስም ተፈትታ የእናቷ ነፍስ የት ልትገባ? ሌባዋ ይህን ታውቃለች። እንግዲህ ያሳደጋት ሰው አለ...

የእኔን ከቄስ ደመቀ በቀር እዚህ የሚያውቅ የለም። ሰባት ቤት ስቆጥር እንኳ አምልጦኝ አያውቅም። እዚህም አልጽፈውም።

"ልጅቷስ ማን ናት?"

"ከአዲሶቹ ዳስ፣ ፀጉሯን የተላጨች" አሉኝ።

ሄድኩ። ስድቡን መንገድ ለመንገድ አሰናዳሁ፤ ከሥር መሠረቱ፣ በቅደም ተከተል። ከዳሱ የወጣችው ኮከብ ናት። ሐዘን አፏን አድርቆታል። ስታየኝ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

"ስሜን ምን ብትደፍሪ ነው?"

"እኛ ገና አልተመዘገብንም፣ እመይቴ። ካርድ ለሌለው መግነዝ የለም አሉኝ። የነበረኝ የዱራ ጆንያ ነው... እናቴን በጆንያ ልቅበራት?"

"ራሽኔን ነው ያስቀረሽው!"

"ካርዱ እርስዎ ዘንድ ስላለ የሚከለክልዎት አልመሰለኝም። ይህን ሲሰሙ ግን እኔን አይመዘግቡኝም።"

"የሌላ ሰው ስም አታውቂም ነበር?"

"እንደ እርስዎ አጥርቶ የነገረኝ የለም።"

ስድቤን እንደተሸከምኩ ተመለስኩ። ከባድ ነበር።

የካቲት 13

ተነሣሁ። ፋሲካ ሳይደርስ... ይቅር ይበለኝ።

ቄስ ደመቀ አብረውኝ መዝገብ ቤት ገቡ። የተቀበረችው ወለተ ሐና እንጂ እኔ አለመሆኔን ሙሐመድኑር ሰማ፤ ሁለት ጊዜ አስደገማቸው። "ሁላችሁም ሁለት ሁለት ስም አላችሁ? አላህ የሚያውቀው ደግሞ እኔ መዝገብ ላይ የለም?" ብሎ ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። "በይ ያንቺንም ንገሪኝ፣ ልጻፈው።"

"ይህንንስ አታገኘውም። የሰጠሁህ ስም ምን እንደሆነ አይተናል።"

ስሜን መልሶ ጻፈው። ዱራዬንም አዘዘልኝ። ከዚያ ፊቱን አኮሳተረ። "አሁን ልጅቷን ንገሪኝ፤ ያን ቀን ፊቷን በነጠላ ሸፍና ነበር። ጨርቁ በሐሰት ወጥቷል። ማን እንደሆነች ከታወቀ ምዝገባ የላትም።"

ኮከብ በመስኮቱ ትታየኛለች። ከአዲሶቹ ሰልፍ ላይ ቆማለች፤ የተላጨ ራሷን በነጠላ ሸፍናለች። ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ውሸትን ከእኔ ያወጡት በአለንጋ ነው፤ ተመልሶ አይገባም። ታዲያ የሚሆን እውነት ፈለግሁ።

"ጨርቁ በማን ስም ወጣ?"

"ባንቺ።"

"እንግዲያው የውባየሁ ድርሻ ወጥቷል። ስሞት ሁለተኛ እንዳትሰጡ ብለህ ጻፍ።"

ብዙ አየኝ። ቄስ ደመቀ የጣሪያውን ሣር መቁጠር ጀመሩ። "ፈርሚ" አለኝ በመጨረሻ። የጣት ቀለም ሊያቀርብ ሲል ብዕሩን ከእጁ ወሰድኩት።

"ሐቡባ፣ ታዲያ በምን ትቀበሪያለሽ?"

ስሜን ፈርሜ ብዕሩን መለስኩለት።

ከሰዓት በኋላ ኮከብ ተመዘገበች፤ በራሷ ስም። ዕቃዋን ይዛ ወደ ጎጆዬ መጣች። ዱራ ስታበጥር ግማሹን ትደፋለች፤ ቀስ በቀስ ትማራለች። ውሃ ወረፋ ላይ አንዲት ሴት "የማን ልጅ ነዎት?" ስትለኝ "የአባቴ" አልኳት። ደብሪቱ ጀሪካኗን ጣለች።

ስለ መግነዙ... አያስጨንቀኝም። ኮከብ አለች። እንዴት እንደሚወጣ ታውቅበታለች።