የጋቢው ጥግ

ጉለሌ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1981 ዓ.ም.

ልጄ ስብሐት፣ ባለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቁስቋም በየማለዳው እሳለማለሁ፤ ዳገቱ ለጉልበቴ ተስማምቶታል።

አንተ በምትማርበት በሶቪየት አርመን መሬት ተንቀጥቅጦ ብዙ ሰው ቤት አልባ ሆነ ሲባል፣ ቀበሌያችን ልብስ አሰባሰበ። ሊቀመንበሩ ንግግር ሲያስረዝም እኛ ሴቶቹ እየተሳሳቅን እናጣጥፋለን። እኔም አባትህ የሸመነውን አዲስ ጋቢ ሰጠሁ። የሰጪውን ስም ጥጉ ላይ ስፉ ሲሉን፣ በመሠረተ ትምህርት በተማርኩት ፊደል አሳምሬ ሰፋሁ።

ጎረቤታችን አፀደ አንብባ፣ «ኧረ እትዬ የሺ፣ የሰጪውን እኮ ነው ያሉት! ይኼ የስብሐት ስም ነው» ብላ በሳቅ ፍርስ አለች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አልፈታሁትም። ክሩ ቀይ ነው፤ ከሩቅ ይታያል።

ሰላምህን ያሰማኝ።

እናትህ የሺሀረግ