የኪዳነወልድ ፊውዞች

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ልብስ አጠብኩ። ደመና ስለሆነ አልደረቀም። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተክሉ መጡ። የዕድራችን ዳኛ ናቸው፤ ሰው ቤት ሲቀመጡም ስብሰባ የሚመሩ ይመስላሉ። ሰበታ መሃል በመብራት ችግር የተቃጠለው ሱቅ ሁሉንም አስደንግጧል። ስለዚህ የየአባሉ ቤት የመብራት ሰሌዳ፣ ፊውዞቹ ያሉበት ጣውላ፣ ይታይ ተብሏል። የሚያየው ዲሪርሳ የሚባል የቡራዩ ሰው ነው። ብቻውን ቢዞር ግን ሴቶቹ በር አይከፍቱለትም። አብራው የምትሄድ ሴት ያስፈልጋል... እኔ።

ለምን እኔ? "አንቺ ዝምተኛ ነሽ፣ የሰው ጓዳ አይተሽ አታወሪም" አሉኝ።

እውነት ነው፣ አላወራም። እጽፋለሁ። እሱን አያውቁም።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ዲሪርሳ ጎልማሳ ነው፣ ረጋ ያለ። በየደጁ "አካም ጅርቱ" ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ይላል፣ በአማርኛ ይቀጥላል፣ ውሻ ሲያይ ወደ ኦሮምኛው ይመለሳል።

የሰው ሰሌዳ የት የት እንደሚኖር! አንዷ ጋ ነጭ ሽንኩርት ተንጠልጥሎበታል። ሌላዋ ጋ የቁልፍ መስቀያ ሆኗል። አረጋሽ ቤት ስንደርስ ጠፋ። ፈለግን፣ ፈለግን... ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ጀርባ ተገኘ። "እሱ እያለ ምን ይነካናል" አለች። ሦስቱን ልጆች ከእሳት ማውጣቱ አይካድም። ግን እሳቱን በጀርባው አዝሎ እንዲኖር ማን ጠየቀው?

ሥዕሉ ሲነሳ ክው አልኩ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ በላዩ የሸክላ ፊውዞች። ቀለሙን አወቅኩት። ባሌ የግቢያችንን በር ሲቀባ የተረፈው ነው።

"ጋሽ ኪዳነወልድ ናቸው የሠሩልን፣ ነፍሳቸውን ይማር" አለች አረጋሽ፣ እኔን እያየች። "ከዚያ ወዲህ ፊውዛችን አንድ ቀን ተቃጥሎ አያውቅም!"

ዲሪርሳ አንዱን ነቅሎ አሳየኝ። ፀጉር የሚያህል ቀጭን ሽቦ መኖር ባለበት ቦታ ወፍራም መዳብ ተጠምጥሟል። በሬ ይጎትታል። እንደ ሐኪም ድምፁን ዝቅ አደረገ። ፊውዝ ሥራው መቃጠል ነው፤ እሱ ቀድሞ ካልተቃጠለ ቤቱ ይቃጠላል።

አረጋሽ አልሰማችም። እኔን ልታመሰግን ሙዝ ፍለጋ ገብታ ነበር።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ዛሬም አረንጓዴ። ከወንዙ ማዶም አረንጓዴ። ሰውዬው የዳዊት ደጋሚ ነበር እንዴ፣ ያልገባበት ቤት የለም?

ኅዳር 8፣ እሑድ

ቅዳሴ ሄድኩ፣ አልሰማሁም።

ኪዳነወልድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዘበኛ ነበር። የቆመው የመብራት ክፍሉ በር ላይ ነው። ሙያውን የተማረው በበሩ ክፍተት እያየ። ምን እንዳላየ አሁን ገባኝ። ማንም ቤት ሲሠራ ሳንቲም አልተቀበለም። ሰው ሲጠራው ከረሜላ እንዳየ ሕፃን ይደሰት ነበር። እኔ ማታ ማታ ሽቦውን እልጥለት ነበር።

አንድ ጊዜ ከዓለም ገና መንገድ ዳር መጽሐፍ ገዛሁ፤ ሽፋን የሌለው የቴክኒክ ትምህርት መጽሐፍ። ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁና አነበብኩት። ፊውዝ ለምን ቀጭን እንደሚሆን ሥዕል ሁሉ ነበረው። እሱ ያኔ በሕይወት ነበር፣ ደጅ ተቀምጦ ያፏጫል። ከፍቼ ላሳየው ተነሳሁ... ከዚያ መጽሐፉን ዘግቼ ሽቦ ልላጥ ተቀመጥኩ።

ለምን? ፉጨቱ ደስ ስላለኝ? ይኸው እስከ ዛሬ ያፏጭብኛል።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ድንቅቱ ፀጉር ቤት። ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስኮች፣ አንድ መስታወት፣ ከመጋረጃ ጀርባ መኖሪያቸው። ሰሌዳው ያለው ከልጇ ከሩሃማ ፍራሽ በላይ ነው። አረንጓዴ።

ዲሪርሳ ግድግዳውን በእጁ ጀርባ ነካ አድርጎ ወዲያው እጁን ሰበሰበ። ሰሌዳው ዛሬውኑ ይውረድ አለ። ካስኮቹ አብረው ሲሠሩ ግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ይግላል፣ የሚያቋርጠው ነገር የለም፣ ልጅቷም ከሥሩ ትተኛለች።

ድንቅቱ መቀሷን አስቀመጠች። ባሏ ጥሏት የሄደ ጊዜ፣ ቤቱን ስትከፍት፣ ዘመድ ሁሉ ምክር ይዞ ሲመጣ መሰላል ይዞ የመጣ ኪዳነወልድ ብቻ ነው። እሱን ተረከች። ከዚያ፣ "የሟች እጅ ሥራ አላስነቅልም። እትዬ ወርቅውሃ ፊት እንዴት እንዲህ ትለኛለህ? ነውር አይደለም?"

ሁለቱም እኔን አዩ። እኔ ካስኩን አየሁ።

ዕድሩ ማስገደድ አይችልም። አረጋሽም ወሬው ደርሷት "ድንቅቱ ካላወረደች እኔም" ብላለች። ባጃጅ ውስጥ ዲሪርሳ፣ "እናቴ፣ እርስዎ ቢነግሯቸው ይሰማሉ" አለኝ።

ምን ልበል? ልጅ አልወለድንም። ከእሱ የቀረው ይሄ "ነፍሳቸውን ይማር" የሚሉት ብቻ ነው። እሱንም ልቀማው?

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ፀጉሬን ልታጠብ ብዬ ሄድኩ። ሽታ አለ... የተቃጠለ ላስቲክ። ድንቅቱ የፀጉር ቀለም ነው አለች። ሩሃማ ፍራሹ ላይ ተጋድማ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ትራሷን የማስተካክል መስዬ ግድግዳውን ዳሰስኩ። ትኩሳት የያዘው ሰው ግንባር።

ድንቅቱን ብቻዋን አድርጌ፣ "እሱ ተሳስቶ ቢሆንስ?" አልኳት። "አንቺማ ትሕትናሽ ነው" ብላ ፎጣ ጠመጠመችልኝ።

የትሕትናን ያህል ሰው የሚገድል ነገር አለ?

ኅዳር 15፣ እሑድ

የዕድር ስብሰባ። ዲሪርሳ የሚነድ ነገር ሁሉ ዘረዘረ፣ ሲበዛበት መብራቱን ራሱ የሚያቋርጥ ብሬከር ይግባ አለ፣ ማንም አልሰማው። አንዱ ከኋላ፣ "ብሬከር ሊሸጥልን ነው" አለ፤ ተሳቀ። ጋሽ ተክሉ ወደሚቀጥለው አጀንዳ፣ ወደ ድንኳኑ ቀዳዳ አለፉ።

ተነሳሁ። ወንበሩ አብሮኝ ተነሳ መሰለኝ፣ ሁሉም ዞረ። በዚህ ዕድር ስናገር ሰምተውኝ አያውቁም። ምን ልናገር እንደተነሳሁ ግን አላውቅም ነበር። መጽሐፉን? መዳቡን? ማን ይሰማኛል? አፌ ራሱ ቀጠለ።

"ኪዳነወልድ በሕልሜ መጣ።"

ጋሽ ተክሉ የድንኳኑን ቀዳዳ ረሱት።

"'ሰሌዳዎቼን አውርዱልኝ፣ ጊዜያቸው አልፏል፣ እረፍት ነሱኝ' አለኝ።"

አረጋሽ አማተበች። ጋሽ ተክሉ ምን ለብሶ እንደነበር ጠየቁኝ። ነጭ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በካፖርት መጥቶ ቢሆን አይቀበሉትም ነበር። ያ ከኋላ የቀለደው ሰውዬ ሌላ ሰሌዳ ማን እንደሚሠራ ተናግሮ እንደሆን ጠየቀኝ፣ አሁን በቁም ነገር። "ዲሪርሳን ጥሩት አለ" አልኩ። ዲሪርሳ ጫማውን ያያል፣ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

በቅዳሴ ማግስት አይደለም፣ ከቅዳሴ በቀጥታ መጥቼ ነው የዋሸሁት። ሕልም አላይም እኮ! ካየሁም የማየው ማሰሮ ሲገነፍል ነው።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

የእኔን መጀመሪያ አስወረድኩ። ሳላስወርድ ሕልሙን ማን ያምነዋል? ጣውላው ሲነሳ ግድግዳው ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ። ሳየው ዋልኩ።

ከዚያ አረጋሽ። ገብርኤል ቦታው ተለውጦ መስኮት አጠገብ ሆኗል፣ ነፋስ ያገኛል። ከዚያ ማዶ። ድንቅቱም ለዲሪርሳ በር ከፈተችለት።

ችግሩ ሌላ ነው። ሴቶቹ ይመጣሉ። "ስለ እኔ ባል አላነሳም?" "ፉሪ ያለውን መሬት ልሽጥ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።" ኪዳነወልድ ሞቶ ሥራ በዛበት።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

ድንቅቱ በጠዋት በቁጣ አስጠራችኝ። ሁለቱን ካስኮች ስታበራ መብራቱ ቀጥ ይላል፣ ብሬከሩን ብታነሳው እንደገና ቀጥ ይላል። ግማሽ ፀጉሯ የደረቀ አንዲት ደንበኛ አዲሱን ብሬከር ትረግማለች። "በጋሽ ኪዳነወልድ ጊዜ እንዲህ ነበር?"

ዲሪርሳ መጥቶ ግድግዳውን ፈለፈለ። ገመዱን ከሩሃማ ፍራሽ በላይ ስቦ አወጣው። ልባሱ ጠቁሮ እንደ ከሰል ይፈረፈራል፣ መዳቡ ራቁቱን ቀርቷል፣ ዙሪያው ያለው ጭቃ ሸክላ ሆኗል። ብሬከሩ የሚያቋርጠው ለዚህ ነው አለ። አሮጌው ሰሌዳ ቢሆን ዝም ይል ነበር።

ድንቅቱ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለች። ገመዱን ጭኗ ላይ አደረገች። ዲሪርሳ አዲስ ገመድ ሊገዛ ወጣ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፣ ስለ መጽሐፉም ልነግራት ነበር፣ ቀደመችኝ።

"እትዬ፣ ያ ሕልም ውሸት ነው አይደል?"

አንድ ፎጣ አንስቼ ማጠፍ ጀመርኩ።

"ጋሽ ኪዳነወልድ በቁማቸው አንድ ቀን ተሳሳትኩ ብለው አያውቁም። ሞተው ነው የሚሉት?"

አመለጠኝ። ሳቄ። ከሞተ ወዲህ ስሙን ጠርተው የሚያለቅሱ እንጂ በእሱ የሚስቁ አላጋጠሙኝም። ያቺ ግማሽ ደረቅ ደንበኛ በመስታወቱ ውስጥ አፍጥጣ አየችኝ። ድንቅቱ እውነቷን ነው እኮ፣ አንድ ጊዜ ፉሪን አልፎ በተቃራኒው መንገድ ሲወስደኝ እንኳን "ተራራው ነው ቦታውን የለወጠው" ብሎኛል።

"ካወቅሽ ለምን አወረድሽው?" አልኳት እንባዬን እየጠረግኩ።

"ያን ሁሉ ዓመት ዝም ያለች ሴት ዕድር መሃል ቆማ እንደዚያ ከዋሸች፣ ነገሩ እውነት መሆን አለበት አልኩ።"