ውሃ ላይ የቆመ መጋዘን

ሐሙስ፣ የካቲት 20
ከቤታችን፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለባሕር ማዶዋ ሹም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ፣ እናቴ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው። አክስትሽ ሌላ ነገር ነግራሽ ከሆነ አትስሚያት፤ ደረጃው መሀል ትንሽ ቆም ባልኩ ቁጥር ልትቀብረኝ ትዘጋጃለች። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እኔን መጠበቅ መደበኛ ሥራዋ ሆኗል። ጠዋት መጥታ ታየኛለች፣ ማታ መጥታ ታየኛለች፣ መሀል ላይ ደውላ በሕይወት መኖሬን ታረጋግጣለች።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነባብቷል። መልሱ ስለዘገየብሽ እንዳኮረፍሽ አውቃለሁ፤ ስታኮርፊ ስልክ ላይ «እሺ አባዬ» ታበዣለሽ። የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። መሥሪያ ቤትሽ የመርከብ ጭነት ዕቅድ ክፍሉን በኃላፊነት ሊሰጥሽ ነው፣ ውሉ የአምስት ዓመት ነው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልፈረምሽ ለሌላ ሰው ያልፋል። «ነይ ካልከኝ ሁሉን ትቼ እመጣለሁ፤ ፈርሚ ካልከኝ እፈርማለሁ» ብለሽ ነገሩን ጫንቃዬ ላይ ጥለሽ አረፍሽው። ሸክም ማስተላለፍ በደንብ እንዳስተማሩሽ ያስታውቃል።

እመልስልሻለሁ። ግን መልሱን ያገኘሁት ክፍል ውስጥ ስለሆነ መጀመሪያ የክፍሉን ወሬ ታገሺልኝ። አባትሽ ወሬ ሲያሳጥር አይተሽ አታውቂም፤ አሁንም አታዪም።

ዘንድሮ የንግድ ትምህርቱ አልሄድልህ አለኝ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ «የጭነት ዋጋ ማለት» ብዬ ጀምሬ ዞር ስል ግማሹ ክፍል አንገቱን ደፍቷል። አንድ ቀን የመርከብ ኢንሹራንስን ጥቅም ሳብራራ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ የተኛው ልጅ በእንቅልፍ ልቡ ራሱን ነቀነቀልኝ። በዚያ ቀን ከእኔ ጋር የተስማማው እሱ ብቻ ነበር።

ታዲያ ጨዋታ ሠራሁላቸው። አናጺው ጎረቤታችን የተረፈ ኮምፔንሳቶ ሰጠኝ፣ ከወጥ ቤቱ በር በተረፈው ሰማያዊ ቀለም ባሕር ቀባሁበት። በዙሪያው ወደቦች ሣልኩ፤ በቀለማቸው ነው የምንጠራቸው፣ ቀዩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው እያልን። መርከቦቹ ከእናትሽ የስፌት ሣጥን ያወጣኋቸው ትልልቅ የካፖርት ቁልፎች ናቸው። ብታይ ኖሮ ትቆጣኝ ነበር፣ ከዚያ ግን ራሷ ቁጭ ብላ ትጫወት ነበር። ጭነቱ ደግሞ አናጺው የቆራረጠልኝ ኩብ እንጨት ነው።

ልጆቹ በቡድን ይሆኑና ኩባንያ ያቋቁማሉ። አንዱ ካፒቴን ነው፣ አንዷ ገዢና ሻጭ ናት፣ አንዱ የጉምሩኩን ወረቀትና ኢንሹራንሱን ይይዛል። በቀዩ ወደብ በርካሽ የገዙትን ቢጫው ወደብ ወስደው እዚያ ለሚጠብቁ ገዢዎች በውድ ይሸጣሉ። ዳይስ ይጥላሉ፣ ነጭ ቤት ላይ ካረፉ ካርድ ያነሳሉ። ካርዱ ማዕበል ካለ ግማሽ ጭነታቸው ይሄዳል፤ ክሬን ተበላሸ ካለ አንድ ዙር ይቆማሉ፤ አንዳንዱም የምሥራች ነው፣ ዋጋ ጨመረ ይላል።

ልጄ፣ ክፍሉ ነቃልሽ። ኢንሹራንስ የገንዘብ ብክነት ነው ብለው ሲዘባነኑ የነበሩት በመጀመሪያው ማዕበል ባዶ ቁልፋቸውን ታቅፈው ቀሩ፤ ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው። ያ በእንቅልፍ ልቡ የተስማማልኝ ልጅማ አሁን ሕጉን በቃሉ ይዞ ቀዳዳ የሚፈልግ ሆኗል። «ጠበቃው» ነው የምንለው። ተኝቶ ቢቀር ይሻል ነበር የምልበት ቀን አለ።

ግን ደስታ ብቻውን አይመጣም። የዳይሱ ጫጫታ አጠገባችን ያለውን ክፍል ረበሸና «መምህሩ ልጆቹን ቁማር እያስተማረ ነው» የሚል ወሬ ርዕሰ መምህሩ ጆሮ ደረሰ። መጣ። እጁን አጣምሮ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

አንዲት በጣም ዝምተኛ ልጅ አለች፤ ስትናገር ጆሮን አፏ ላይ መለጠፍ ስለሚያስፈልግ «ሹክሹክታ» ይሏታል። የአንዱ ኩባንያ ካፒቴን ናት። በዚያ ቀን መርከቧን ከአረንጓዴው ወደብ ንቅንቅ አላደረገችም። ተራዋ ሲደርስ «እንቆያለን» ትላለች፣ ዳይሱን ለሚቀጥለው ታቀብላለች። ሌሎቹ ወጡ። ካርዶቹን በደንብ አልበወዝኳቸውም መሰለኝ፣ ማዕበል በማዕበል ላይ ሆነ፤ ኢንሹራንሱም አልበቃ አለ። ደወሉ ሲደወል ሁሉም ተጎድቷል፤ የሹክሹክታ ኩባንያ ብቻ የጀመረበትን ጭነት እንዳለ ይዟል። እኔ በጻፍኩት ሕግ መሠረት በመጨረሻ ብዙ ንብረት ያለው ያሸንፋል። ስለዚህ አሸነፉ።

ርዕሰ መምህሩ ተነሣና «እንግዲህ መምህር፣ ልጆቹ ዛሬ የተማሩት ምንድን ነው? ከቤቱ ያልወጣ ያሸንፋል ነው?» አለኝ። «በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ አያለሁ። ያው ከሆነ የጨዋታውን ሰሌዳ እናስቀምጥና ወደ መጽሐፋችን እንመለስ» ብሎ ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ ጠበቃው ብድግ አለ። «ቲቸር፣ ይሄ ማሸነፍ አይደለም። እነሱ እኮ መርከብ የላቸውም፤ ውሃ ላይ የቆመ መጋዘን ነው ያላቸው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሹክሹክታ አንገቷን ደፋች። አንጀቴን በላችው።

አንቺ ይሄኔ እየሳቅሽብኝ ነው። ወደብ ደጃፍ የቆመ መርከብ መሥሪያ ቤታችሁን እንቅልፍ እንደሚነሳ ስንት ጊዜ ነግረሽኛል። ኪራዩ ይቆጥራል፣ ሠራተኛው ይበላል፣ ገዢው ተስፋ ቆርጦ ወደ ሌላ ይሄዳል ስትይኝ «እህ፣ እህ» እላለሁ። ከዚያ ተቀምጬ መቆም በነጻ የሆነበት ባሕር ሠራሁ። እንዲህ ያለ ባሕር መሥራት የሚችለው ዕድሜውን በሙሉ ከአንድ ሰፈር ያልወጣ የንግድ መምህር ብቻ ነው።

ሕጉን ማታ ራሴ ላስተካክለው ነበር፤ ኋላ ግን ለልጆቹ ተውኩት። በማግስቱ «ወደብ ላይ መቆም ምን ያስከፍል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጠበቃው ከነጭነቱ ይወረስ አለ፤ ልቡ ሩኅሩኅ ነው። እነዚያ እጥፍ ይክፈል፣ እነዚህ አንድ ኩብ ይቀነስ ሲሉ ሹክሹክታ እጇን አወጣች። እሷን ለመስማት ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

«ቲቸር፣ እኛ ለማሸነፍ ብለን አይደለም የቆምነው» አለች። «ፈርተን ነው። መቆም ምንም ስለማያስከፍል ግን ፍርሃታችን ብልጠት መሰለ።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?» አልኳት።

«ቅጣት አያስፈልገውም። አንድ ዙር በቆምን ቁጥር ማዶ ከሚጠብቁን ገዢዎች አንዱ ይሂድ። የሚጠብቅ ሰው እኮ ዘላለም አይጠብቅም።»

ጠበቃው እንኳ ቀዳዳ አላገኘበትም። ሕግ ሆኖ ተጻፈ። በሳምንቱ ርዕሰ መምህሩ ሲመጣ የሹክሹክታ መርከብ የመጀመሪያዋ ሆና ወጣች። መሀል ባሕር ላይ የማዕበል ካርድ አነሳች፤ ግማሽ ጭነቷ ሄደ፤ ኢንሹራንስ ስለነበራት የጠፋው ተተካላት፣ ቢጫው ወደብ ደርሳ ሸጠች። ስትስቅ ድምፅ እንዳላት ሁላችንም ያን ቀን አወቅን። ርዕሰ መምህሩም ትንሽ ሲቁነጠነጥ ቆየና «እስቲ አንዴ እኔ ልጣል» ብሎ ዳይሱን ተቀበለ። ባነሳው ካርድ የጠበቃውን መርከብ ጉምሩክ አሲዞለት ሄደ። ሰሌዳው ከክፍሉ አይወጣም፤ እንዲያውም አናጺው ሌሎች እየቆረጠልኝ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

ደብዳቤሽን ባነበብኩ ቀን መልሴ «ነይ» ነበር። ምክንያቶቼንም ደርድሬ ነበር። ሥራ እዚህም አይጠፋም፤ በሰው አገር ብታመሚ ማን አለሽ፤ ያለሽን ይዘሽ ብትመለሺ ምንም አትከስሪም። ሁሉም የሰከነ ሰው ምክር ይመስላሉ። ያቺ ልጅ ተናግራ ስትቀመጥ ግን ምክንያቶቼን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ሁሉም ፍርሃት ናቸው። አንቺ ትጎጃለሽ ብዬ እንኳ አይደለም የፈራሁት። ማታ ማታ ቤቱ ጭር ይላል፣ ልጄ። ሬዲዮ ከፍቼ እተኛለሁ። የፈራሁት እሱን ነው፤ ለእሱ ደግሞ የአንቺን አምስት ዓመት ማስከፈል አልችልም።

ስለዚህ ፈርሚ። ደስ እያለሽ ፈርሚ። መርከብ የት እንደሚጫን፣ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ የምትወስን ልጅ አለችኝ ብዬ ለተማሪዎቼ ገና ሳይጸድቅልሽ አውርቻለሁ፤ ጠበቃው «ማስረጃ አለ?» ብሎኛል፤ እንዳታሳፍሪኝ። ዕረፍት ሲሰጡሽ ትመጫለሽ፣ የልጆቹን ሕግ አይተሽ ታርሚልናለሽ። ስትመጪ ገና ከበር «ከሳህ» እንዳትዪኝ፤ አክስትሽ በቀን ሁለቴ ትለኛለች፣ ይበቃኛል።

እሷም ይኸው መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። መነጽሯን ቤቷ ረስታዋለች፤ ወረቀቱን ብታየውም አታነበውም። እንዲህ እየተባባልን ነው የምጽፍልሽ፦

«ጻፍክላት?»

«እየጻፍኩ ነው።»

«ነይ በላት። ጉልበትህ እንዲህ ሆኖ፣ ሰው አጠገብህ ያስፈልጋል። እኔም ባለትዳር ነኝ፣ አንተን ስጠብቅ ልኖር ነው?»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ፣ ጻፈው። ጻፍከው?»

«ጽፌዋለሁ እኮ።»

እጄን እያየች ነው። የሚነበብ ነገር ባይታያትም የምዋሽ መሆኔ ይታያታል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እንደዚሁ ናት።

የምትልኪው ሁሉ በሰላም ይድረስ፤ የምትጠብቂው ሁሉ አይዘግይብሽ። በሄድሽበት ሁሉ እኔ የማልሰጥሽን የሚሰጥሽ ሰው አይታጣ። የእናትሽ ምርቃት ከፊትሽ ይቅደም፣ የእኔ ከኋላሽ ይከተልሽ፤ ቀስ ብሎም ቢሆን ይደርሳል።

እንግዲህ እህቴን ዋሽቼ እንዳልቀር ቃሉን አንድ ጊዜ ልጻፈው።

ነይ።

ይኸው ጽፌዋለሁ፤ አልዋሸኋትም። አሁን እስክሪብቶሽን አንሺና ፈርሚ።

የሚወድሽ አባትሽ