አሥራ አንዱና ገጽ ዘጠኝ

ኅዳር 3
ጠመኔ አልቋል፣ ድምፄም አልቋል። አርባ ስድስት አንደኛ ክፍሎች ገጽ ዘጠኝን በአንድ አፍ አነበቡልኝ። ጣታቸው መስመሩን ይከተላል። ደስ ብሎኝ በወንበሮቹ መሃል ስመላለስ ድምቢጥ ጋ ደረስኩ። ከሁሉም ስለምታንስ ልጆቹ ያወጡላት ስም ነው። ዓይኗ መስኮቱ ላይ፣ አፏ ግን ከሁሉም ቀድሞ… ገጹን በመዳፌ ሸፈንኩት። ማንበቧን ቀጠለች።
መዳፌን ነው የምታነበው?

ኅዳር 5
አንድ በአንድ ፈተንኳቸው። ፊደሎቹን በካርድ ጽፌ፣ ተራቸውን አዘበራርቄ። ለድምቢጥ አንዷን ካርድ ሳሳያት ግድግዳው ላይ ወዳለው የፊደል ሰንጠረዥ ዞረች፤ ከ"ሀ" ጀምራ በሹክሹክታ እየዘመረች ወረደች። ቆሜ ጋረድኩባት። ካርዷን መለየት አቃታት።
እንደ እሷ አሥራ አንድ አሉ፤ ማን የትኛውን ፊደል እንደማያውቅ በዝርዝር ያዝኩ። ሁለት ወር ሙሉ ሲዘምሩልኝ ያነበቡ መስሎኝ… የት ነበርኩ?

ኅዳር 6
ለርዕሰ መምህሩ ነገርኩት። መምህራን ከጀርባው "ጋሼ ቆይ" የሚሉት በከንቱ አይደለም። ቆይ እንጂ፣ ገና ልጆች ናቸው፣ ሲያድጉ ይገባቸዋል አለኝ። ሲያድጉ? አራተኛ ክፍል ደርሰው ስማቸውን ማንበብ ያቃታቸው ከዚህ ግቢ አይደሉም? ዛሬ በሃያ ደቂቃ የሚቃና ያኔ በዓመትም አይቃናም አልኩት። ውጪ ቢለኝም ካጠገቡ አልተነቃነቅኩም። በመጨረሻ ሰልችቶት የወረቀት መጋዘኗን ቁልፍ ወረወረልኝ። ጠዋት፣ ከደወል በፊት እዚያ አስተምሪያቸው አለኝ።

ኅዳር 19
አሥራ አንዱ መጋዘኗ ውስጥ ካርቶን ላይ ተኮልኩለው። በቀን ሁለት ፊደል ብቻ። በጣታቸው አሸዋ ላይ ይጽፏታል፣ ድምፅዋን ይላሉ፣ ቃል ውስጥ ፈልገው ያገኟታል። መዘመር ክልክል። ድምቢጥ ስድስት ካርድ ያለ ሰንጠረዥ ለየች፤ ሰባተኛዋ ላይ አለቀሰች። እኔም አፌ ላይ የደረሰውን መልስ ዋጥኩት።

ታኅሣሥ 2
የትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪዎች ወሩ በገባ በሃያ ይመጣሉ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሪፖርት አመጣልኝ። "የክፍሉ ተማሪዎች በሙሉ ያነባሉ።" ከሥሩ ስሜ። የቀረው ፊርማዬ ነው። የአሥራ አንዱ ዝርዝሬስ ሪፖርቱ ውስጥ አለ? የለም።
አልፈርምም።
ጋሼ ቆይ ጠራኝ። ድምፁ ማር። ፈርሚ፣ ገጽ ዘጠኝን አስነብቢ፣ እነዚያ አሥራ አንዱ ደግሞ ያን ቀን ቤታቸው ይዋሉ።
"የሚደብቁት ልጆቹን ነው ወይስ ራስዎን?" ብዬው ወጣሁ።

ታኅሣሥ 3
የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። "የትምህርት ቤቱን ስም በማጉደፍ…" ቁልፉንም ተቀበሉኝ።

ታኅሣሥ 4
ደረጃው ሥር አስተማርኩ። አሥር መጡ። ድምቢጥ የለችም።

ታኅሣሥ 6
እናቷ ይዛት መጣች። ሆስፒታል ጽዳት ናት፤ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም።
"ልጄን ደደብ ብለሽ ጻፍሽባት አሉኝ።"
ማን አለሽ? አልነገረችኝም። ማን እንደሆነ ልጣው? ክርክሩን ትቼ ልጅቷን ገጽ ዘጠኝ አስነበብኳት። አንበለበለችው። እናት በኩራት ቁልቁል አየችኝ። ያኔ መጽሐፉን ዘጋሁት። ልጅቷ ግን አላቆመችም…
እናት እጇን ገልጣ ጠባሳ አሳየችኝ።
"እኔንም እንዲህ በቃል እያስባሉ ነው እስከ አራተኛ ያሳለፉኝ። የማጽጃውን ጠርሙስ የምለየው በክዳኑ ቀለም ነው። አንድ ቀን ክዳኑ ተቀያየረ።"
ከዚያ ሽርጧን አስተካከለች። "በይ ንገሪኝ፣ በስንት ሰዓት ላምጣት?"

ታኅሣሥ 19
ለአሥራ አንዱም ቤት መልእክት ተልኳል፦ ነገ ልጆቹ ይረፉ። የድምቢጥ እናት ግን ከሥራ ስትወጣ ቤት ለቤት እየዞረች ነው አሉ።

ታኅሣሥ 20
መጡ። አሥራ አንዱም፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ተሰልፈው። ጋሼ ቆይ አመድ መሰለ። ለተቆጣጣሪዋ ገጽ ዘጠኝን ራሱ ገልጦ ሰጣት። እሷ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ልጅ ድምቢጥን መረጠች።
ድምቢጥ ገጹን አየችው።
"ይቺን በቃሌ ነው የማውቃት። ሌላ ይስጡኝ።"
"ቆይ…" አለ እሱ። ማንም አልቆየለትም።
ተቆጣጣሪዋ ገጽ ሃያ ሁለትን ገለጠችላት፤ ገና ያላስተማርኩትን። የድምቢጥ ጣት መስመሩ ላይ ወረደ። "ልጅቷ… ውሃ… ቀዳች።" ሦስት ቃል፣ አንድ ዓመት የፈጀ መሰለኝ። አራተኛው ላይ ቆመች። ወደ ግድግዳው አልዞረችም፤ አልዘመረችም። "ይቺን ፊደል ገና አላውቃትም" አለች፣ ቀና ብላ።
ተቆጣጣሪዋ፣ ማን ማን ምን እንዳላወቀ መዝግቦ የያዘ አለ? ስትል ዝርዝሬን ከኪሴ አወጣሁ።

ታኅሣሥ 24
ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት። ሰሌዳው ላይ ደግሞ ማስታወቂያ፦ "በርዕሰ መምህሩ አነሳሽነት የተጀመረ የንባብ ድጋፍ።" በሳቅ ፈረስኩ። ሐሳቡን ይውሰድ። ማስጠንቀቂያዬ ግን ፋይሌ ውስጥ አለ፤ እሱን ሳላስወጣ አልተኛለትም።
ዛሬ ጠዋት መጋዘኗ ውስጥ አሥራ ሁለት ነበሩ። አሥራ ሁለተኛዋ በሩ ጥግ፣ ካርቶን ላይ፣ ከነሽርጧ። ድምቢጥ ካርድ ደቅናባት ከንፈሯን ታያለች።
"ከሀ አትጀምሪ፣ እማ። ይቺን ብቻ እያት።"